ውጅግራ፦ ሳልባጅ ሆኖ መጣ፣ ሳልባጅ ሆኖ ተመለሰ

ሳልባጅ የምንነግድ ሴቶች አንድ ነገር በኪሳራ ተምረናል። የሚያከስረን የቦንዳው ዋጋ አይደለም፤ ቦንዳው ከተፈታ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። ዚፑ የተበላ ጃኬት አለ፣ ጥንዱ የጠፋ ጫማ አለ፣ ለማጠቢያ፣ ለመተኮሻና ለልብስ ሰፊ የሚከፈል አለ። "ርካሽ ነው" ብለን የገዛነው ዕቃ እውነተኛ ዋጋውን የሚናገረው ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ይህን ያስታወሰን ግን ጨርቅ ሳይሆን ጠመንጃ ነው። ከመካከላችን አንዷ ክረምት ላይ አንኮበር አጠገብ ወዳለው የእናቷ ቤት ሄዳ የቅድመ አያቷን ውጅግራ ከግድግዳ አውርዳ ስትወለውል ሰነበተች። ፎቶውን በስልኳ ይዛ ድሬዳዋ መጣችና ቀፊራ ገበያ አጠገብ ቡና ስንጠጣ አሳየችን። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ደላላ አንገቱን አስግጎ አየና፣ "አሜሪካኖች ለዚህ አሮጌ ብረት ዶላር ይከፍላሉ፤ ድንበር ማሻገሩን ለእኔ ተዉት" አለ። እኛ ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶባት ነበር።

ማሻገሩ ወንጀል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለን። በዚያን ቀን ውስጣችን የቀረው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ፈረንጅ አርጅቷል ብሎ የሸጠውን ብረት ዛሬ መልሶ የሚፈልገው ለምንድን ነው? መጀመሪያስ እኛ ዘንድ በምን ሒሳብ መጣ? ዕቃው ያለፈው እኛ ዛሬ ከምንመላለስበት መስመር ብዙም በማይርቅ መንገድ ነውና፣ ታሪኩን እንደ ነጋዴ በገቢና በወጪ ልናየው ወደድን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፋሽኑ ያለፈበት ዕቃ

ጓደኛችን ጠመንጃውን ስታጸዳ ከዝገቱ ሥር ፊደል ወጣላት። የሴንት ኤትየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስምና "ሞዴል 1874" የሚል ነው። ሴንት ኤትየን በፈረንሳይ አገር ጠመንጃ ሲሠራበት የኖረ ከተማ ነው። ሞዴሉን ያዘጋጀው ባዚል ግራ የተባለ የጦር መኮንን ስለነበር ጠመንጃው በፈረንሳይኛ "ፉዚ ግራ" ተባለ፤ እሱ በእኛ አንደበት ውጅግራ ሆነ። ለበን ከፈረንሳዩ ለበል፣ ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊከር እንደመጡት ማለት ነው። የአያቶቻችን የጠመንጃ ስሞች ሲደረደሩ የአውሮፓ መጋዘኖች ዝርዝር ይሆናሉ።

ውጅግራ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነው። ከኋላው እንደ በር መቀርቀሪያ የሚጎተተውን ብረት ከፍቶ አንድ ጥይት ማጉረስ፣ መዝጋት፣ መተኮስ፣ ቀለሁን አውጥቶ እንደገና ማጉረስ ነው። በተኮሰ ቁጥር ጥቁሩ ባሩድ ነጭ ጭስ ይለቅና ተኳሹን ያጋልጠዋል። ለጊዜው ግን ጥሩ መሣሪያ ነበር።

በ1886 ፈረንሳይ ለበልን ተቀበለች። ለበል ጭስ የሌለው ባሩድ የሚጠቀም፣ ጥይቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ብዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። በአንድ ውሳኔ ውጅግራ አሮጌ ሆነ። ልብ በሉ፣ አልተበላሸም፤ ፋሽኑ ነው ያለፈበት። ጎረቤት አገሮችም ተሽቀዳድመው ጠመንጃቸውን ለወጡ። መንግሥታቱ የማይጠቀሙበትን ዕቃ በመጋዘን ከማስቀመጥ ለአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ሸጡት፤ እነሱም ገዢ ወዳለበት ላኩት። ዛሬ ቦንዳ የሚመጣልን በዚሁ ሕግ አይደል? እዚያ ቁም ሣጥን ሲጠብ እዚህ ገበያ ይሞላል።

የታጁራው ሒሳብ

የዚህን ንግድ ሒሳብ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየን አርተር ራምቦ ነው። ዓለም የሚያውቀው በገጣሚነቱ ነው፤ እኛ ግን በሐረርና በታጁራ ነጋዴነቱ እናየዋለን። በ1885 መጨረሻ ላይ ከፒየር ላባቱ ጋር ተሻርኮ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ታጁራ ላይ ያዘጋጅ ጀመር። ዕቃው ውጅግራ እንኳ አልነበረም፤ ከዚያ የባሰ አሮጌ፣ በካፕሱል የሚተኮስ፣ በአውሮፓ ከአገልግሎት ከወጣ አርባ ዓመት የሆነው ነበር።

ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ዋጋውን አስቀምጦታል። አንዱ ጠመንጃ ቤልጅግ አገር ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ ሲገዛ 7 ወይም 8 ፍራንክ ነው፤ ሸዋ ሲሸጥ 40 ፍራንክ ገደማ። አምስት እጥፍ! ዲፕሎማ ስንማር መምህራችን "ጥቅል ትርፍ አያስክራችሁ" ይሉን የነበረው ለእንዲህ ያለው ነው።

ወጪውን እንቁጠር። ከታጁራ እስከ ሸዋ በአፋር በረሃ በኩል የሃምሳ ቀን ያህል የግመል ጉዞ ነው። ግመሉ ይከራያል፤ በየግዛቱ ለሚያሳልፍ ባላባት ይከፈላል፤ ጠባቂ ይቀጠራል። ከዚያ ዕገዳው መጣ። በ1886 የፈረንሳይ ባለሥልጣናት የመሣሪያ ንግዱን ሲያግዱ ሁለቱ ሸሪኮች ቆመው ቀሩና ለፓሪስ አቤቱታ ጻፉ። በዚህ መሃል ላባቱ ታሞ ሞተ። ራምቦ ታጁራ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1886 መኸር ብቻውን ተነሣ፤ አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ነው። ኬላ ላይ ዕቃ ተይዞበት በየቀኑ የመጋዘን ኪራይ የከፈለ ሰው ይህን ታሪክ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሲደርስስ? ገዢው ከእሱ ይልቅ ገበያውን ያውቅ ነበር። ምኒልክ በዚያው ወር ገደማ ሐረርን ይዘው መመለሳቸው ነው፤ ሌሎች አቅራቢዎችም ነበሯቸው። ዕቃውን በችርቻሮ ሳይሆን በጅምላ፣ በቅናሽ ወሰዱት። የላባቱ የቀድሞ ዕዳ ተቀነሰ። የሟቹ አበዳሪዎችም ራምቦን ከበቡት። ለቀሪው ገንዘብ በእጁ የተሰጠው ብር ሳይሆን ሐረር ላይ በራስ መኮንን የሚከፈል ወረቀት ነው። አምስት እጥፍ ትርፍ የታየበት ንግድ እንደራሱ አባባል በኪሳራ ተደመደመ። የሟች ሸሪክን ዕዳ ሳያጣሩ ዕቃ መረከብ እስከ ዛሬ ያከስራል።

የገዢው ብልሃት

ከሻጩ ይልቅ የሚያስተምረን ግን ገዢው ነው። ምኒልክ በአንድ አቅራቢ አልታሰሩም። ከፈረንሳዮቹ ከእነ ሳቩሬና ከእነ ሸፍኔ ገዙ፤ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ አማካሪና አስመጪ ሆነላቸው። ጣሊያንም ወዳጅነታቸውን ፈልጋ በ1887 5,000 ሬሚንግተን ልትሰጥ ተዋውላለች። ኋላ በዓድዋ የተዋጋቻቸውን ሰዎች አስቀድማ ካስታጠቁት አንዷ ራሷ ነበረች።

በ1890 የአውሮፓ መንግሥታት ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ሰፊ የአፍሪካ ክልልን የሚሸፍን የመሣሪያ ዕገዳ ፈረሙ። ምክንያቱ የባሪያ ንግድን ማስቆም ነበር። ውሉ ዘመናዊውን ጠመንጃ ከልክሎ፣ በድንጋይ የሚለኮሰውን የጥንቱን ጠመንጃ ግን በቁጥጥር እንዲያልፍ ፈቀደ። የውሉ ሌላ ፊቱ ግልጽ ነው፤ አውሮፓዊው ዘመናዊ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፣ አፍሪካዊው በጥንቱ ይጠብቀው። በጅቡቲ በኩል ግን ንግዱ አልተቋረጠም፤ ውጅግራም ሆነ ሌላው ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ መውጣቱን ቀጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1896 ዓድዋ ላይ የጣሊያን ጦር የገጠመው ጦርና ጋሻ ብቻ የያዘ ሠራዊት አልነበረም። አውሮፓ አሮጌ ብላ የሸጠችው ብረት የአውሮፓን ጦር አሸነፈ። በዚህ የማይኮራ የለም፤ እኛም እንኮራለን።

ግን ሒሳብ ሲዘጋ የከፋዩም ስም መጻፍ አለበት። ጠመንጃው የተገዛው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በቡና፣ በዝባድና በግብር ነው። ይህ ሀብት በብዛት የወጣው ከደቡቡና ከምዕራቡ አገር ነው። ጠመንጃው እነዚያኑ አገሮች ለማስገበር ዋለ፤ የዚያም አገር ገበሬ ነፍጥ የያዘውን ወታደር እየቀለበ ኖረ። ጠመንጃ ወደ ደጋ በወጣበት በታጁራ መንገድ ሰው በባርነት ወደ ባሕር ወርዶበታል። በእኛ የሴቶች ዕቁብ ውስጥ የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች አሉ። ስለዚህ "ዓድዋ" ስንል አንድ ላይ እናጨበጭባለን፣ "ማን ከፈለ?" ስንል ደግሞ አንድ ላይ ዝም ብለን እንሰማለን።

እንዴት ይወለወል ነበር

አሮጌ ዕቃ ገዝቶ ማሠራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የጓደኛችን እናት አባታቸው ውጅግራውን ሲወለውሉ በልጅነታቸው አይተዋል። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ማየት፤ ይህ ሳይሆን እጅ አይነካውም። ቀጥሎ ውሃ ይፈላና ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ይፈስሳል። በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ እየተመላለሰ ጥቁሩ እስኪጠፋ ይፈትገዋል። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፤ መጨረሻ ላይ ሞራ። ቅቤ ከተባለም ጨው ያልነካው፤ ጨው ብረት ይበላልና።

የሚገርመው አያቷ የደረሱበት ዘዴ ትክክል መሆኑ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ የሚተወው አመድ ከአየር እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝጋል። በድሮ ጥይት ካፕሱል ውስጥ ያለው ቅመምም ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም፤ በውሃ ነው። ዘይት ብቻ የቀባ ሰው ዝገቱን ከነምክንያቱ ሸፈነው እንጂ አላጸዳውም። የፈላ ውሃ ጨውን ያወጣል፤ ብረቱንም ስለሚያሞቀው ቶሎ ይደርቃል።

የተሰነጠቀው ሰደፍ በእርጥብ ጥሬ ቆዳ ተሰፍቷል፤ ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ብረት ጨምድዶታል። ሴንት ኤትየን የሠራውን አንኮበር ጠግኖታል ማለት ነው። የጓደኛችን ወንድም ግን ዘንድሮ "ላሳምረው" ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀው ጀምሮ ነበር፤ ደግነቱ ፊደሉ ሳይጠፋ ደረሰችበት። ያረጀ ዕቃ ዋጋው ማርጀቱ ላይ ነው። ሳልባጅ ውስጥ የተገኘን የድሮ ቆዳ ጃኬት ቀለም ቀብቶ ያበላሸ ሰው ይህን አይረሳም።

ጠመንጃ አንዴ፣ ጥይት ሁልጊዜ

አሁን መጀመሪያ ወዳልነው እንመለስ፤ ቦንዳው ከተፈታ በኋላ ወደሚመጣው ወጪ። ጠመንጃ አንዴ ይገዛል። ጥይት ግን በተኮሱ ቁጥር ይገዛል፤ የውጅግራን ጥይት የሚሠራው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ጥይት ውድ ሆነ፤ ከመወደዱም የተነሣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በብዙ ገበያዎች ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ጠገራ ብር ለትልቁ፣ ጥይት ለትንሹ። ባዶው ቀለህም አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደገና ይተኮሳል። አንድ ዕቃ ገንዘብ የሚሆነው ሁሉም ሲፈልገውና ማንም እንደ ልቡ ሊያመርተው ሲያቅተው ነው።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። እንደ ቦንዳ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ጠመንጃ ጥይቱ አይገጥምም። የውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር፣ የለበን 8፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ ከ10 በላይ፣ አዲሱ የጣሊያን ካርካኖ 6.5። በአንድ ጎራ የተሰለፉ ሁለት ጎረቤታሞች ጥይት መበዳደር አይችሉም። በ1930 ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የመሣሪያ ማስገባትን በንጉሠ ነገሥቱ ቁጥጥር ሥር የሚያደርግ ውል ፈረሙ፤ ነገር ግን የሚያስገባው በር አሁንም በሌሎች እጅ ነበር። ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ፣ በ1935፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጩን አገዱ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ዕገዳው የጎዳው ገዝቶ የሚዋጋውን ነው። ብዙ ሰው የአያቱን ጠመንጃና በጣት የሚቆጠር ጥይት ይዞ ታንክና አውሮፕላን ገጠመ። አርበኞቹ ከጠላት የሚማርኩት ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን ጥይቱን ጭምር የሆነው ለዚህ ነው።

በዓድዋ ያሸነፈው ሳልባጅ ከአርባ ዓመት በኋላ ለምን አላሸነፈም? አንዱ መልስ እዚህ ላይ ነው። በእነዚያ አርባ ዓመታት ዕቃውን ገዛን፤ ዕቃውን በበቂ ሁኔታ የሚቀልብ ፋብሪካ ግን አላቆምንም። የሌላው ፋሽን ተለዋወጠ፤ እኛ በአሮጌው ላይ ቀረን።

ሲመለስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢትዮጵያ መጋዘኖች የተከማቹ አሮጌ ጠመንጃዎች በሕጋዊ አስመጪዎች በኩል አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጡ። ካርካኖ፣ ማውዘር፣ ቬተርሊ፣ ውጅግራም ጭምር። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ስለሚቆጠር እንደ ዘመናዊው መሣሪያ አይቆጣጠሩትም። እዚያ ያለው ገዢ በኢንተርኔት ያዘዘውን ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በላምባና በነሐስ ብሩሽ ያጸዳዋል፤ እንጨቱን ደግሞ በተልባ ዘይት ያሸዋል። አዎ፣ በእኛው ተልባ! በጥሬ ቆዳ የተሰፋ ሰደፍ ሲያገኝ "የኢትዮጵያ ጥገና ነው" ብሎ ይደሰታል። ጥይቱ ግን ለእሱም ጣጣ ነው፤ ከተራ ሱቅ ስለማያገኘው ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሞላል።

ፈረንጁ የሚከፍለው ለብረቱ አይደለም። ሊዬዥ ላይ 7 ፍራንክ የነበረ አሮጌ ብረት ዛሬ ሌላ ዋጋ ካወጣ፣ ዋጋውን የጨመረለት መሃል ላይ የኖረው ኑሮ ነው፤ ግመሉ፣ በረሃው፣ ቆዳው፣ የያዘው ሰው እጅ። ያንን ታሪክ የሠራነው እኛ ነን፤ ትርፉን ግን የሚያገኘው እንደተለመደው የመጨረሻው ሻጭ ነው።

የደላላው ጥያቄ

ለደላላው የመለስንለትን ለእናንተም እንንገራችሁ። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መነገድም፣ ማዘዋወርም፣ ድንበር ማሻገርም ወንጀል ነው። "አሮጌ ነው፣ አይተኩስም" የሚል ማብራሪያ ኬላ ላይ ማንንም አያድንም። ይልቁንም በአንዷ ቦንዳ ውስጥ አንድ ብረት ቢገኝ የሚታሰረው የላከው ደላላ ሳይሆን በስሟ ያስጫነችው ናት፤ መኪናውም፣ የሌሎቻችን ዕቃም አብሮ ይቆማል። አደራ እንላለን፦ ከማን እንደሆነ የማታውቁትን ጥቅል "አድርሱልኝ" ሲሏችሁ ፈትታችሁ እዩ። እንፍታው ስትሉ የሚቆጣ ሰው መልሱን ነግሯችኋል።

ለጓደኛችን የትምህርት ቤቱን ክፍያ ከዕቁቡ አስቀድመን ሰጠናት፤ ተራዋን ከሌላዋ ጋር ተቀያየረች። ውጅግራው በወረዳው እንደተመዘገበ ግድግዳው ላይ ተመልሷል። አጠገቡ የቅድመ አያቷ ዝናር ተሰቅሏል፤ ውስጡ የቀሩት ሦስት ባዶ ቀለሆች ብቻ ናቸው። አራተኛው ጥይት የት ገባ ብላ እናቷን ብትጠይቅ፣ "እሱንማ አያቴ ጨው ገዝታበት ነበር" አሏት።